ጥግ የቀረው ዘንግ

እማማ ልኬ ዘንጎቹን ያገኟቸው የጎረቤት መጋረጃ ሊለኩ ብለው፣ የሜትር እንጨታቸውን ፍለጋ እጃቸውን ወደ ጥግ ሲሰዱ ነው። እንጨቱ ሁልጊዜ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጋር ተደግፎ ስለሚውል ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ ነበር የሚያገኙት። ዛሬ እጃቸው ላይ የመጣው ግን እንጨት አልሆነም። ቀጠን፣ ረዘም ያለ አረንጓዴ ከረጢት ነው፤ አፉ በገመድ ተሸብቧል። ብድግ ሲያደርጉት ውስጡ ቅጭልጭል አለ።

«ይሄ ደግሞ የማን ጉድ ነው?» አሉ ለራሳቸው።

ገመዱን ፈቱት። ከውስጡ እንደ ጣት የቀጠኑ የብረት ዱላዎች ወጡ። አጫጭር ናቸው፤ ግን በሆዳቸው ላስቲክ ስለሚያልፍ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይከተላል። እማማ ልኬ ጫፉን ይዘው ቢለቁት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገባና ከእሳቸው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ ሆኖ ቆመ። ጫፉ አምፖሉን ነክቶ አወዛወዘው።

ያን ጊዜ ገባቸው።

የድንኳን ዘንግ ነው። የልጅ ልጃቸው የፌንጣ ድንኳን ዘንግ። ፌንጣ ደግሞ ድንኳኗን አዝላ ተራራ የወጣችው ትናንት ጠዋት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እማማ ልኬ ደግሞ ያልፈሩት ነገር የለም። ሊፍት ይፈራሉ፣ የዓሣ አጥንት ይፈራሉ፣ እርጥብ ጸጉር ይዞ ደጅ መውጣት ይፈራሉ። አውቶቡስ ቆሞ ሳለ እንኳ ሾፌሩን «ቀስ በል፣ ልጄ» የሚሉ ሴት ናቸው። የፌንጣ እናት፣ ማለት ልጃቸው፣ «እማዬ፣ አንቺ እኮ የነገን ሥጋት ዛሬ ቀቅለሽ ነው የምታሳድሪው» እያለች ትስቅባቸዋለች። ሆኖም ከፈሩት ሁሉ መካከል አንዱ በገዛ እጃቸው በኩል ይመጣል ብለው አስበው አያውቁም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ፌንጣ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ መስታወት ትሞርዳለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ፣ አንድ መሞረጃ ድንጋይ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው ፌንጣ የተባለችው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ እንዴት እንደቻለችው ለሰሚው ግራ ነው። የምትችለው ግን በመጸው መጨረሻ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ ጎብኚው ሁሉ ከተራራው ሲወርድ፣ እረፍቷን ወስዳ ለመውጣት ስትል ነው። ቦርሳዋን ታዝላለች፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤቷን በጀርባዋ ይዛ ትሄዳለች።

«ሰው ሁሉ ሲወርድ አንቺ የምትወጪው ምን ጥለሽ ነው?» ይላሉ እማማ ልኬ በየዓመቱ።

«ሰው ስለሌለ ነዋ፣ እማማ!»

«ሰው የሌለበት ቦታ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«ካልወደቅኩስ?»

ባለፈው ዓመት ግን እማማ ልኬ በቃል ብቻ አልተውትም፤ ሌላ ነገር አደረጉ። የተራራ ጫማዋን በስፌት መኪናው የእንጨት ክዳን ሥር ደበቁት። ፌንጣ ቤቱን ስታተራምስ ዋለች፤ አውቶቡሱም አመለጣት። ጫማው የተገኘው ጎረቤት ሱሪ ልታሳጥር መጥታ ክዳኑ ሲነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ለብዙ ቀን እህ ብላ አላነጋገረቻቸውም። ምግብ ስታቀርብላቸው እንኳ ሳህኑን ነበር የምታየው። እማማ ልኬ በመጨረሻ «ሁለተኛ እጄን ከዕቃሽ አልከትም» ብለው በእናታቸው ስም ማሉ፤ ዕርቁም በዚያ ሆነ።

ዘንድሮ ታዲያ መንገዱ ሲደርስ የቦርሳው ማንገቻ ከሥሩ ተተረተረ። ፌንጣ ቦርሳውን እንደሞላ ተሸክማ መጥታ መኪናው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ካንቺ በቀር ማን ይሰፋልኛል?»

«ጫማሽንስ?» አሉ እማማ ልኬ፣ እንደ ቀልድ።

«ጫማዬን አድርጌዋለሁ። ይኸው።» እግሯን አንስታ አሳየቻቸው።

ሁለቱም ሳቁ። ግን ፌንጣ ከአጠገባቸው አልተነሳችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እጅ እጃቸውን ታይ ጀመር።

እማማ ልኬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት የሸራና የሻንጣ ስፌት ቤት ነው። ልኬ የተባሉትም እዚያው ነው፤ ባልደረቦቻቸው በዓይን ገምተው ሲቆርጡ እሳቸው ሦስቴ ካልለኩ መቀስ አያነሱም ነበር። በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ ሻንጣ ባዶውን ካልሆነ መርፌ ሥር አይገባም። አንድ ጊዜ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ መርፌ ሰብሮ ስባሪው የአንዷን ሠራተኛ ቅንድብ ሰንጥቋል። ከዚያ ወዲህ ከሻንጣ የወጣ ሁሉ በግራ በኩል ካለው የቆርቆሮ ሳህን ይገባል፤ ሳህን የማይበቃው ረጅም ዕቃ ጥግ ይቆማል። ስፌቱ ሲያልቅ መጀመሪያ ሳህኑ፣ ቀጥሎ ጥጉ። እማማ ልኬ ይሄን ሕግ ወደ ቤታቸው ይዘውት መጡ። እድሜ ልካቸውንም አላጓደሉትም።

ያን ቀን ግን ማንገቻውን ሰፍተው የሳህኑን ዕቃ ወደ ቦርሳው እየመለሱ ሳለ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ አብረው ሸጎጥ ሊያደርጉ ሞከሩ።

«እማማ! እጅሽ!»

«ሹራብ ነው እኮ፣ ቦምብ አይደለም!»

«ከብዶኛል አልኩሽ! ዱቄት የተሸከመ ነፋስ አይወድም ስትይ አልነበር? እኔ ሽቅብ ነው የምሄደው፤ ግራሙን ሳይቀር መዝኛለሁ።»

«ብርድ ግራም አያውቅም!»

ሹራቡ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ ፌንጣ ነጥቃ ወንበር ላይ ወረወረችው። እማማ ልኬም እልሃቸውን በቦርሳው አፍ ላይ ተወጡ፤ ገመዱን ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ሳህኑ ባዶ ነበር። ወደ ጥጉ ግን ማንም አላየም።

እንግዲህ ዘንጉ አምፖሉን ሲያወዛውዝ እማማ ልኬ ያዩት ይሄ ሁሉ ነው። ቀጥሎ ያዩት ደግሞ ያላዩትን ነው፦ ፌንጣና አብራት የወጣችው፣ ረጅሟ የሚሏት የሥራ ባልደረባዋ፣ ዛፍ ከሚያልቅበት በላይ፣ ሊያድሩበት ካሰቡት ሐይቅ ዳር፣ ምሰሶ የሌለው ጨርቅ ይዘው ቆመው። ሬዲዮው ጠዋት ምን ነበር ያለው? «በከፍተኛ ቦታዎች ንፋስ የቀላቀለ በረዶ።»

ስልክ ደወሉ። የፌንጣ ስልክ አይሠራም፤ ተራራው ላይ መቼም ሠርቶ አያውቅም። ልጃቸው ጋ ደወሉ። ነርስ ናት፤ ተረኛ ነበረች።

«እማዬ፣ ቶሎ በይኝ፣ በሽተኛ ላይ ነኝ።»

«የድንኳኑ ዘንግ እኔ ጋ ነው።»

ከኋላዋ የሚንኳኳ አልጋ ይሰማል።

«እማዬ... አወጣሽው?»

እማማ ልኬ ከዘንጉ ይልቅ ይህቺ ጥያቄ አመመቻቸው። «ረሳሁት» ቢሉስ? ማን ያምናል? አንዴ ጫማ የደበቀ እጅ!

«ሁለቱም አዋቂ ናቸው» አለች ልጃቸው፤ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ በሽተኛ በምታባብልበት ድምፅ። «እንደሌለ ሲያዩ ይወርዳሉ። እኔ ከሥራ ስወጣ እናያለን። አንቺ ቁጭ በይ። እሺ? ቁጭ!»

«እሺ» አሉ እማማ ልኬ። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ዘንጉን አጣጥፈው ከረጢቱ ውስጥ መለሱ፣ በሩን ሁለቴ ቆልፈው ሦስተኛ ፈተሹና ወጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፤ ግን የማይጮህ ውሻስ ምን ያደርጋል?

አውቶቡሱ ውስጥ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ አንዱ ጫፍ መተላለፊያው ላይ ወጣ። የሚያልፈውን ሁሉ ጉልበቱ ላይ ይነካዋል።

«እማማ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?» አለ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰውዬ።

«ዓሣ ቢሆን ምን ነበረበት!» አሉ፤ ቀጥሎም እንባቸው መጣ። ሰውየው ደነገጠና ብርቱካን ሰጣቸው። እማማ ልኬ ብርቱካኑን በአንድ እጅ፣ ዘንጉን በአንድ እጅ ይዘው ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ ቢጫ ቅጠል እየመጣ ይለጠፋል፣ ንፋሱ ይወስደዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በወጣ ቁጥር ቅጠሉ እያነሰ ቅርንጫፉ ባዶውን እየቀረ መጣ። ከላይ ተራራው የለም። ተራራው መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ ጉም ተቀምጧል።

መንገዱን ሙሉ አንድ ሐሳብ አልለቃቸው አለ። እውነት ረሳሁት? አርባ ዓመት ሙሉ ጥግ ሳያይ ቀርቶ የማያውቅ ዓይን፣ ያን ቀን ብቻ እንዴት ሳተ? እኔ ባልፈልግስ፣ እጄ ፈልጎ እንደሆነ? እጅ ሐሳብ አለው ወይ? በስፌት ሥራ እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ይሄን ሲያስቡ እጃቸውን ከከረጢቱ ላይ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ደግሞ አነሱት።

የመጨረሻው ፌርማታ አጠገብ የተራራው ጠባቂዎች ቤት አለ። ሁለት ክፍል ናት። በፊተኛው ምድጃ ይነዳል፤ ዙሪያውን እርጥብ ቦት ጫማ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ላይ የመንገዶቹ ካርታ፣ መስኮቱ ሥር የመገናኛ ሬዲዮ። ጠባቂው ጉንፋን የያዘው፣ ጆሮው ድረስ የሱፍ ቆብ ያጠለቀ ጎልማሳ ነው። ድንች እየላጠ ነበር።

«እናቴ፣ ይግቡ፣ በሩን ይዝጉት። ጠፍተው ነው?»

«እኔ አልጠፋሁም። ልጅ ነው የጠፋብኝ።»

ያሉትን ሁሉ ሰማቸው፤ ቢላዋውን አስቀመጠ። ትናንት ሁለት ልጆች አልፈዋል፤ አንዷ አጭር፣ አንዷ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመች። አዎ፣ አስታወሳቸው። ሬዲዮውን አንስቶ ላይኛው ጎጆ ያለውን ባልደረባውን ጠራ። ሬዲዮው ተንሿሽቶ መለሰ፦ «እዚህ የመጣ ሰው የለም። በረዶ ጀምሯል። ሐይቁን ከዚህ አላየውም።»

«መንገድ የሚጠግኑ ሁለት ሰዎች ወደዚያው ናቸው» አለ ጠባቂው። «ሐይቁ ጋ ሄደው ይዩ እላቸዋለሁ። እርስዎ ምድጃው ጋ ይቀመጡ።»

ዛሬ ሰው ሁሉ ቁጭ በይ ይላቸዋል። እማማ ልኬ ጠባቂው ወደ ሬዲዮው ሲዞር ቀስ ብለው ወጡ። ከቤቱ ጀርባ የእንጨት በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ፣ ከዚያ መንገዱ። ዘንጉን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጀመሩት። የከተማ ጫማቸው እርጥብ ቅጠል ላይ ተንሸራተተ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። ቀና ቢሉ መንገዱ ወደ ጉሙ ገብቶ ይጠፋል። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ወደቀ፤ ዝናብ ነው ሲሉ ነጭ ሆኖ እጅጌያቸው ላይ ቆየ።

«እናቴ!» ጠባቂው ቆቡን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። «እኔን የሚያስሮጡኝ እርስዎን ለማውረድ ነው? አንድ ፍለጋ አይበቃኝም?»

«ዘንጉን ብቻ ላድርስላት።»

«ዘንጉን ለማድረስ መጀመሪያ እርስዎ መድረስ አለብዎት» አለና ክንዳቸውን ይዞ እንደ ሙሽራ እያዘገመ መለሳቸው።

ከዚያ የሆነው መጠበቅ ነው። እማማ ልኬ መጠበቅን አያውቁበትም። ድንቹን ወስደው ላጡለት፤ ስስ አድርገው፣ ልጣጩ እንደ ጥብጣብ ሳይቆረጥ እየወረደ። ብርቱካኑን መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። የጫማዎቹን ማሰሪያ አስተካከሉ። ነጠብጣቡ መስኮቱን ሲመታ ቀና ይላሉ፤ ንፋስ በሩን ሲገፋ ቆም ይላሉ። ሬዲዮው በተንሿሿ ቁጥር ወደ ጠባቂው ይዞራሉ።

በመጨረሻ ሬዲዮው አወራ።

«ሐይቁ ጋ ደርሰናል። ድንኳን የለም። ሰውም የለም።»

«ዱካስ?»

«በረዶው ሸፍኖታል።»

ጠባቂው ወደ እማማ ልኬ አልዞረም። እሳቸውም የያዙትን ድንች አልጣሉም፤ ቢላዋው ብቻ ቆመ። ልጄ ተኝታ ይሆን? ብርድ ሰውን መጀመሪያ ያስተኛዋል ሲባል ሰምተዋል። ሹራቡ ወንበር ላይ ነው። እሱን ደግሞ እሷ ናት የወረወረችው፤ ዘንጉን ግን... አልጨረሱትም። በልባቸው ስለት ተሳሉ። ትመለስ እንጂ ለዘላለም ትኮርፈኝ፤ ሳህኑን ብቻ እያየች ታቅርብልኝ፤ ግን ታቅርብልኝ።

ቀኑ ሊመሽ ሲል፣ በጀርባ በኩል ሳይሆን በፊት ለፊት፣ በመኪናው መንገድ በኩል የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። ረጅሟ ጎንበስ ብላ ገባች፤ አፍንጫዋ ቀይ፣ ጸጉሯ ላይ በረዶ። ከኋላዋ ፌንጣ።

እማማ ልኬ ከረጢቱን ይዘው ተነሱ። የተላጠው ድንች ከጭናቸው ወድቆ ተንከባለለ። ፌንጣ መጀመሪያ ፊታቸውን አየች፤ ዓይኗ በራ፤ ወዲያው ደግሞ እጃቸውን አየች። አረንጓዴውን ከረጢት።

«አወጣሽው» አለች። «እማማ» እንኳ አላለችም።

«ጫማሽን ደብቄያለሁ» አሉ እማማ ልኬ። «እሱን አልካድኩም። ይሄ ግን ጥግ ቀርቶ ነው። ሹራብ ስንጣላ።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች ፌንጣ። ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ ስለነበር ቃሉ ተንቀጠቀጠ፤ ቁጣውን ግን አልቀነሰውም። «ማታ ድንኳኑን ስዘረጋ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ረጅሟን ጠይቂያት።»

«እኔ አልናገርም» አለች ረጅሟ ጫማዋን እየፈታች። «ቤተሰብ ነው። እማማ፣ እንዴት እንዳደርን ልንገርዎት? ገመድ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ወጥረን፣ በምርኩዞቻችን ደግፈን። ሲነፍስ ድንኳኑ ይወድቅብናል፤ እናነሳዋለን፤ ይወድቅብናል። እንደ ጫጩት ተቃቅፈን ነጋ። ጠዋት በረዶው ሲመጣ ንፋስ የማያገኘውን የጫካውን መንገድ ይዘን በወዲያ በኩል ወረድን። እግሬ ግን የኔ መሆኑን እስካሁን እየጠረጠርኩ ነው።»

ጠባቂው ሰዎቹን በሬዲዮ ጠርቶ መለሳቸው፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ። «እናንተስ? ድንኳን የሚያዝል ሰው ዘንጉን ሳያይ ከቤቱ ይወጣል? ቦርሳችሁን ለሰው እጅ ትታችሁ ሰውን ትወቅሳላችሁ!»

ፌንጣ ምድጃው ጋ ቆማ እጇን ዘረጋች። እማማ ልኬ ሊያሹላት ቢሉ እጇን ሰብሰብ አደረገች።

ሾርባው ሲፈላ ጠባቂው ለልጃቸው ደውሎ ሁሉም ሰላም መሆኑን ነገራት። ከዚያ የአየሩን ወሬ ሰምቶ መጣ። «በረዶው ሌሊቱን ይወርዳል፤ ነገ ግን እንደ መስታወት ነው። ከኋላው ጥሩ ቀን ነው የሚመጣው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ፌንጣና ረጅሟ ተያዩ። እማማ ልኬ ያን አስተያየት ያውቁታል፤ ፌንጣ ገና ልጅ ሳለች አጥር ላይ ከመውጣቷ በፊት የምታሳየው ነው።

«እረፍታችን አላለቀም» አለች ፌንጣ። «እዚሁ አድረን ነገ እንወጣለን። ሐይቁ ድረስ አይደለም፤ ታችኛው ሜዳ ላይ።» ቀጥላም ሳታያቸው፦ «ዘንጉን ትሰጪኛለሽ።»

«እዚያ ሜዳ ላይ ችግር የለም፤ ንፋስ የለውም» አለ ጠባቂው፣ ሳይጠየቅ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? የእማማ ልኬ ጣቶች ከረጢቱ ላይ ተቆልፈው ቀሩ። «ልብስሽን ቀይሪ መጀመሪያ» አሉ። «እርጥብ ነው። ሂጂ።»

ልጆቹ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ጠባቂው እንጨት ሊያመጣ ወጣ። እማማ ልኬ ብቻቸውን ቀሩ፤ ከዘንጉ ጋር።

ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ መቀስ አለች፤ ክር ያላት መርፌም አንገትጌያቸው ሥር። እጃቸው መቀሷን መቼ እንዳገኛት አላወቁም። ዘንጉን አወጡ፤ ሁለቱን ዱላዎች ሳብ አድርገው አለያዩዋቸው። በመካከላቸው ላስቲኩ ነጭ ሆኖ ታየ። እንደ ክር ነው። አንዲት ቀጭ። ከዚያ ድንኳን የለም፣ ተራራ የለም፣ ነገ ሁላቸውም በአውቶቡሱ ወደ ቤት። ማንም አያውቅም። ላስቲክ ነው፣ ይበጠሳል።

መቀሷን ወደ ጫፉ አስጠጉ። ያን ጊዜ አዩት። ላስቲኩ ጫፉ አካባቢ፣ ከቋጠሮው ሥር፣ ለብቻው ተልጧል። ሽፋኑ ሄዶ ውስጡ በሁለት ሦስት ጭራ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። መቁረጥ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ዝም ማለት ብቻ። ከረጢቱ ውስጥ መልሰው፣ «እንቺ» ብለው ቢሰጧት፣ እላይ ሜዳው ላይ በራሱ ጊዜ በራሱ ይበጠሳል፤ እጃቸው ንጹሕ ነው።

እማማ ልኬ ሦስት ጊዜ ሳይለኩ ቆርጠው አያውቁም። ልጄ በሕይወት ትኑር፤ ይሄ አንድ። የምትኖረው ከኔ ተደብቃ እንዳይሆን፤ ይሄ ሁለት። የበሰበሰ ነገር ከእጄ አውጥቼ ለደንበኛ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም፤ ይሄ ሦስት።

መቀሷን ከፍተው የተላጠውን ቆረጡት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ፌንጣ በሩ ላይ ቆማለች፤ የረጅሟን ሱሪ ለብሳ፣ እግሩ መሬት እየጠረገ። ዓይኗ መቀሷ ላይ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ ነው፤ የጠረጠሩት ሲገኝ የሚመጣ ድካም።

«ዝም በይና ያዢልኝ» አሉ እማማ ልኬ።

«ምኑን?»

«ጫፉን! ወደ ውስጥ ከገባ ማን ያወጣዋል? ያዢ አልኩሽ!»

በዚህ ድምፅ እማማ ልኬ ያዘዙት ስፌት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ፌንጣ ሳታስበው ተንበርክካ ጫፉን ያዘች። እማማ ልኬ ላስቲኩን ስበው አዲስ ቋጠሮ ቋጠሩ፤ በላዩ ላይ ክሩን ጥብቅ አድርገው ጠመጠሙት፤ ወግተው፣ ጠምጥመው፣ በጥርሳቸው በጠሱት። የተቆረጠውን ቁራጭ መዳፏ ላይ አኖሩላት። ፌንጣ ወደ እሳቱ አስጠግታ አየችው። በሁለት ሦስት ጭራ የተንጠለጠለውን።

«ትናንት ዘንጉ አብሮኝ ቢሆን...» አለችና ተወችው።

«እንግዲህ አላውቅም» አሉ እማማ ልኬ። «እኔ ያጠፋሁትን በዚህ አታሳምሪልኝ። ጥግ አላየሁም፤ አላየሁም ነው።»

ፌንጣ ዘንጉን ጫፉን ይዛ ለቀቀችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወጥሮ ቆመ፤ ጣሪያውን መታ። ነቀነቀችው፤ አልተላቀቀም።

«ጠበቀ» አለች።

«ይጥበቅ እንጂ!»

ፌንጣ ቦርሳዋን ከጥግ ጎትታ አመጣች። አፉን ከፍታ ፊታቸው ያዘችላቸው።

«በይ አንቺ ክተቺው» አለች። «ጥጉን እኔ አያለሁ።»

እማማ ልኬ ዘንጎቹን አጣጥፈው ከተቱ። ፌንጣ ከጀርባቸው፣ ከወንበሩ ሥር፣ ከእንጨቱ ክምር ጎን አንድ በአንድ አየች። ምንም አልቀረም፤ ከተንከባለለው ድንች በቀር።

ጠዋት ሰማዩ እንደተባለው መስታወት ነበር። ተራራው ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ፣ ደግሞም ትልቅ፤ ባይታይ ይሻል ነበር። ልጆቹ ቀዩን ድንጋይ አለፉ። ፌንጣ መታጠፊያው ላይ ዞራ እጇን አነሳች፤ በሌላው እጇ ብርቱካኑን ይዛለች። ማንገቻው ትከሻዋ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ እማማ ልኬ ከሩቅም ስፌታቸውን አወቁት። ከዚያ ዛፎቹ ወሰዷት።

አውቶቡሱ ጡሩንባ እየነፋ ነው፤ እማማ ልኬ ግን አልተነቃነቁም።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ ጠባቂውን እጅጌውን ይዘው፤ ወደ ሰማይ እያሳዩ። «ያ ደመና! ጥሩ ነው አላልክም? ይኸው እየመጣ ነው!»

ጠባቂው ቀና ብሎ አየ። አፍንጫውን ጠረገ።

«እናቴ» አለ፣ «እሱ እኮ የኛው ምድጃ ጢስ ነው።»